«ነርስ ነበርኩ እኮ!» በውጭ የተማሩ ነርሶች የአሜሪካውን የፈቃድ ፈተና ለምን ይወድቃሉ? ምንስ ይረዳቸዋል?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ መልዕክት ደረሰኝ። ላኪዋን አስፈቅጄ፣ ማንነቷን የሚጠቁመውን ሁሉ አውጥቼ ላካፍላችሁ።

«ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። አገር ቤት 9 ዓመት በነርስነት ሰርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ከገባሁ 6 ዓመት ሆነኝ። አሁን ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲ ኤን ኤ ሆኜ ነው የምሰራው። ባለፈው ወር ኤንክሌክስን ለሁለተኛ ጊዜ ወደቅኩ። ለባለቤቴ ነግሬዋለሁ፣ ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ነርስ ነበርኩ እኮ! የትኛው የእንቅልፍ መድሃኒት ይሻለኛል?»

ጥያቄዋ ስለ እንቅልፍ መድሃኒት ነው። እመልስላታለሁ። ግን መልዕክቱን ደጋግሜ ሳነበው የያዘኝ ሌላው ነገር ነው። ድንገተኛ ክፍል 9 ዓመት የሰራች ሲስተር ስንት ሰው ከሞት አፋፍ መልሳለች! አዲስ ተመራቂ ሐኪሞች ሲደናገጡ «ዶክተር፣ መጀመሪያ ኦክስጅኑን እናድርግለት» ብላ የምታስተካክላቸው እሷ ናት። ይህን የምለው እኔም ራሴ በእንደዚህ ዓይነት ሲስተሮች እጅ ስለተማርኩ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለች ባለሙያ ለምን ሁለቴ ትወድቃለች?

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ፦ ሙያውን ስለማታውቅ አይደለም። ፈተናው የሚጠይቃት እሷ ከለመደችው የተለየ ነርስነት ስለሆነ ነው። የስደት ኑሮም ለመዘጋጀት ጊዜና እንቅልፍ ስለነሳት ነው። ሁለቱም ሊስተካከሉ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ነው። እኔ ሐኪም እንጂ የፈተና አሰልጣኝ አይደለሁም፤ ነገር ግን ጉዳዩ የእንቅልፍ፣ የጭንቀትና የድባቴ ጉዳይ ሆኖ ደጃችን እየመጣ ስለሆነ በጤና ገጽ ላይ ቦታ ይገባዋል።

ፈተናው እንዴት ነው የሚሰራው?

ኤንክሌክስ በአሜሪካም ሆነ በካናዳ በነርስነት ለመስራት የሚወሰድ የፈቃድ ፈተና ነው። ለአር ኤን እና ለኤል ፒ ኤን የተለያየ ፈተና አለ፤ ዛሬ የምናወራው ስለ አር ኤኑ ነው። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ይዘቱ ተቀይሯል። አሁን ተፈታኙ ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ ይመልሳል፤ የተሰጠው ጊዜ 5 ሰዓት ነው። ከጥያቄዎቹ ውስጥ የአንድን ታካሚ ታሪክ ይዘው 6፣ 6 ጥያቄ የሚያወጡ ሦስት ኬዞች አሉ። አንዴ ያለፉትን ጥያቄ ተመልሶ ማስተካከል አይቻልም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ኮምፒውተሩ ጥያቄዎቹን እንደ መልሳችሁ እየመረጠ ነው የሚያመጣው። በትክክል ስትመልሱ ከበድ ያለ ያመጣል፣ ስትስቱ ቀለል ያለ ያመጣል። ለእናንተ ግማሽ በግማሽ የሚሆን ጥያቄ፣ ማለትም የማግኘትም የመሳትም ዕድላችሁ እኩል የሆነበትን እየፈለገ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጎበዙም ደካማውም ተፈታኝ መሃል ላይ «አለቀልኝ፣ እየወደቅኩ ነው» ይላል። ይህ ስሜት የመውደቅ ምልክት አይደለም፤ ማሽኑ ስራውን እየሰራ መሆኑን ነው የሚያሳየው። በ85ኛው ጥያቄ ላይ ሲቆምም ያልፉ ወይም ይውደቁ በዚያ አይታወቅም። ኮምፒውተሩ የሚቆመው ተፈታኙ ከማለፊያው በላይ ወይም በታች መሆኑን 95 በመቶ እርግጠኛ ሲሆን ነው።

ይህን አለማወቅ ብቻውን ሰው ይጥላል። 60ኛው ጥያቄ ላይ ተስፋ የቆረጠ ሰው የቀረውን አንብቦ ሳይሆን ገምቶ ነው የሚጨርሰው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በ2023 እና በ2024 አሜሪካ ውስጥ ተምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተፈተኑት 10 ሰዎች ወደ 9 የሚጠጉት አልፈዋል። በውጭ ተምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተፈተኑት መካከል ያለፉት ግን ከግማሽ ብዙም አይርቁም። ደግመው የሚፈተኑት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የሚያልፉት።

ይህ የኛ አገር ልጆች ችግር ብቻ አይደለም። በውጭ ከተማሩ ተፈታኞች በብዛት ቀዳሚዎቹ ፊሊፒኖች ናቸው፤ እነሱም ብዙዎቹ ይወድቃሉ። እንግዲህ መውደቅ የግል ስንፍና ነው ብላችሁ ራሳችሁን የምትወቅሱ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ይህን ቁጥር ተመልከቱ። ከዚያ ወደ ምክንያቶቹ እንግባ።

ምክንያት 1፦ ከምረቃ የራቀ ጊዜ

አሜሪካ የተማረ ልጅ በተመረቀ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ትምህርቱ ገና በጭንቅላቱ ትኩስ ሳለ ነው የሚፈተነው። የኛ ሰው ግን ተመርቆ ስራ ይይዛል፣ ዓመታት ይሰራል፣ ከዚያ ጉዞ፣ ቤት ኪራይ፣ ልጅ፣ መንጃ ፈቃድ… ፈተናው ፊት ሲቀመጥ ከተመረቀ 8 እና 10 ዓመት አልፎታል።

«ግን እኮ እየሰራ ነበር» ልትሉ ትችላላችሁ። ልክ ነው። ሆኖም የስራ ልምድ ጥልቀት እንጂ ስፋት አይሰጥም። 7 ዓመት ማዋለጃ ክፍል የሰራች ነርስ ስለ ወሊድ መድማት ከፈተናው አውጪ በላይ ታውቃለች። ፈተናው ግን ከወሊድ ወደ አእምሮ ሕክምና፣ ከዚያ ወደ ሕጻናት ልብ፣ ከዚያ ወደ ኩላሊት እጥበት ይዘላል።

በዚህ ላይ የወረቀቱ ጣጣ አለ። የትምህርት ማስረጃው በእጅ አይቀርብም፤ የተማራችሁበት ተቋም እና ፈቃድ የሰጣችሁ አካል በቀጥታ ለሚገመግመው ድርጅት መላክ አለባቸው። እንደየስቴቱ የእንግሊዝኛ ፈተናም ይጨመራል። ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ብዙዎች «ወረቀቱ ይለቅና ማጥናት እጀምራለሁ» ብለው ይቀመጣሉ። ወረቀቱ ሲያልቅ ደግሞ የመፈተኛ ፈቃዱ የሚያገለግለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሆነ እየተጣደፉ ይገባሉ።

ምን ይሻላል? ገና አገር ቤት ያላችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ወደ ተማራችሁበት ተቋም ሄዳችሁ የሬጅስትራሩን አሰራር እወቁ፤ ጉዳዩን የሚከታተልላችሁ የታመነ ሰውም ውክልና ሰጥታችሁ አስቀምጡ። እዚያ ያላችሁ ደግሞ ወረቀቱ በመንገድ ላይ እያለ ጥናቱን ጀምሩ። በቀን 20 ጥያቄም ቢሆን ምንም ካለማንበብ በብዙ ይሻላል።

ምክንያት 2፦ የጥያቄው እንግሊዝኛ

ነርሲንግ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ መጽሐፉም፣ ፈተናውም እንግሊዝኛ ነበር። ችግሩ ያለው የጥያቄው አጠያየቅ ላይ ነው።

ለምሳሌ «ፈርስት» የሚል ቃል ያለበት ጥያቄ አራት ትክክል የሆኑ ምርጫዎች ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሁሉም ይደረጋሉ፤ ጥያቄው «ከሁሉ ቀድሞ የቱ?» ነው። «ኒድስ ፈርዘር ቲቺንግ» የሚል ካያችሁ ደግሞ የሚፈለገው ታካሚው የተናገረው የተሳሳተ ነገር ነው፤ ተጨማሪ ትምህርት የሚያስፈልገው ያልገባው ሰው ነዋ! በችኮላ ያነበበ ሰው ግን ትክክለኛውን አባባል መርጦ ይሳሳታል፤ ዕውቀቱ እያለው።

ምግብም ሌላው ጣጣ ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ቅጠላ ቅጠሎችን አንዴ አብዝቶ አንዴ ትቶ መብላት እንደሌለበት ሲስተራችን ታውቃለች፤ ጎመን ብትሏት ወዲያው ትመልሳለች። ፈተናው ግን «ኬል» ብሎ ነው የሚመጣው። ኬል የጎመን ዘመድ ነው። ፖታሲየም የበዛበትን ምግብ ለዩ ሲባል «ካንታሎፕ» ይመጣል፤ ቀምሰነው የማናውቀው ሐብሐብ መሳይ ፍሬ። ስለዚህ ሱፐርማርኬት ስትገቡ የአትክልቱን ስም እያነበባችሁ ሂዱ። ቀልድ አይደለም፣ ጥናት ነው።

ምክንያት 3፦ «ነርስ» ማለት እዚያ ሌላ ነው

እንደኔ እምነት ልምድ ያላቸውን ነርሶች አብዝቶ የሚጥላቸው ይሄኛው ነው። በአራት ምሳሌ ላሳያችሁ።

አንደኛ፣ ማንን ቀድሜ ልይ? ይህን ጥያቄ ሞክሩት። አራት ታካሚዎች አሉሽ፤ መጀመሪያ የምታይው ማንን ነው?

ሀ) ትናንት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላትና ሕመሟ ከ10፣ 6 ነው የምትል
ለ) ስኳሩ 180 የሆነ የስኳር ታካሚ
ሐ) እግሩ ተሰብሮ ከ2 ሰዓት በፊት ጀሶ የታሰረለት፣ ማስታገሻ ወስዶም ሕመሙ ያልቀነሰና ጣቶቹ የደነዘዙ
መ) ዛሬ ከሆስፒታል ወጥታ መድሃኒቷ እንዲብራራላት የምትጠብቅ

መልሱ ሐ ነው። በማስታገሻ የማይበርድ ሕመምና መደንዘዝ ሲገናኙ፣ በጀሶው ውስጥ ግፊት ጨምሮ የደም ዝውውር እየተቋረጠ ሊሆን ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ እግር ያሳጣል። እኛ ዋርድ ውስጥ ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው አስታማሚው ደጋግሞ የሚጠራለት ነው። ፈተናው የሚፈልገው ዝም ያለውን አደጋ የምታይ ነርስን ነው። «የሚጠበቅ ነው ወይስ ያልተጠበቀ? የረጋ ነው ወይስ እየተለወጠ ያለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከቀዶ ሕክምና ማግስት መታመም የሚጠበቅ ነው፤ የጣት መደንዘዝ ግን አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሐኪም ያዘዘውን መያዝ። ፉሮሴማይድ የታዘዘለት ሰው ፖታሲየሙ 2.8 ሆኖ ተገኘ (ጤነኛው ከ3.5 እስከ 5 ነው)። መድሃኒቱ ፖታሲየም ይበልጥ ያወርዳል። ፈተናው የሚጠብቀው ነርሷ መድሃኒቱን ይዛ ለሐኪሙ እንድትደውል ነው። እኛ አገር «ዶክተሩ አዟል እኮ» የሚል ባህል አለ፤ የጠየቀች ነርስ የምትቆጣበት ጊዜም አለ፤ ይህ የኛ የሐኪሞች ጥፋት ነው። በፈተናው ግን ነርሷ የታካሚው የመጨረሻ መከላከያ ናት። ስህተት የሆነን ትዕዛዝ ከፈጸመች ኃላፊነቱ የእሷም ነው። ተቃራኒውም ስህተት አለ፦ ነርሷ ራሷ ልታደርገው የሚገባትን ሳታደርግ «ሐኪሙን እጠራለሁ» የሚለውን መምረጥ። ትንፋሽ ያጠረውን ሰው መጀመሪያ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከዚያ ደውሉ።

ሦስተኛ፣ ስራ ማካፈል። እኛ ጋ ገላ ማጠብ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ በአብዛኛው የአስታማሚ ስራ ነው። እዚያ እነዚህ የሲ ኤን ኤ ስራ ናቸው፤ የረጋ ታካሚ መድሃኒት ለኤል ፒ ኤን ሊሰጥ ይችላል። የመጀመሪያ ምርመራ፣ ማስተማርና ውጤቱን መገምገም ግን የአር ኤኗ ናቸው፤ ለሌላ አይሰጡም። ይህ የስራ አመራር ክፍል ከፈተናው ከ15 እስከ 21 በመቶ ይይዛል። ከሁሉም ክፍሎች ትልቁ ድርሻ ነው! በቀላሉ አትለፉት።

እዚህ ላይ ሲ ኤን ኤ ሆነው የሚሰሩ ነርሶች የሚገቡበት ወጥመድ አለ። ለዓመታት «ልዩ ነገር ሳይ ለነርሷ እነግራለሁ» ብሎ የሰራ ሰው ፈተናው ላይም ያንኑ ያስባል። ፈተናው ላይ ግን ነርሷ እናንተ ናችሁ! የሚነገረው ለእናንተ ነው።

አራተኛ፣ ማጽናናት። ይሄ ልብ የሚነካ ነው። አንዲት ታካሚ «ነገ ከቀዶ ሕክምናው የማልነቃ ይመስለኛል» አለች እንበል። የኛ ሲስተር እጇን ይዛ «አይዞሽ! እግዚአብሔር አለ፣ ምንም አትሆኚም» ትላታለች። እኛ በዚህ ቃል ተጽናንተን ነው ያደግነው። በኤንክሌክስ ግን ይህ ስህተት ነው፤ ሐሰተኛ ማረጋገጫ ይባላል፤ ነርሷ የማታውቀውን ቃል ገባች፣ ወሬውንም ዘጋች ማለት ነው። የሚፈለገው «ስለ ነገው በጣም ያስፈራሽ ምንድን ነው? ንገሪኝ» የሚል ሰው እንዲያወራ በር የሚከፍት መልስ ነው። እንደዚሁም «ውጤቱን ለታካሚዋ አትንገሯት፣ ለእኛ ንገሩን» የሚል ቤተሰብ ሲመጣ፣ ባህላችን ከቤተሰቡ ጋር ነው፤ የፈተናው መልስ ግን የሚወስነው ታካሚው ራሱ ነው የሚል ነው።

ልብ በሉ፣ «አይዞሽ» ማለት ክፉ ነው አላልኩም። አይዞሽን ለሰፈራችን እናቆየው፤ ለፈተናው የፈተናውን ቋንቋ እንማር።

ምክንያት 4፦ የመድሃኒት ስምና መለኪያ

መድሃኒት ነክ ጥያቄ ከፈተናው ከ13 እስከ 19 በመቶ ነው። ስማቸው ግን ተቀይሮ ይጠብቀናል። እነዚህን ጻፉና ፍሪጃችሁ ላይ ለጥፉ፦

👉 ፓራሲታሞል እዚያ አሴታሚኖፌን ነው
👉 ሳልቡታሞል፣ አልቡቴሮል
👉 አድሬናሊን፣ ኤፒነፍሪን
👉 ግሊቤንክላማይድ፣ ግላይቡራይድ
👉 ፔቲዲን፣ ሜፔሪዲን

ክብደት በፓውንድ ይመጣል፤ ለ2.2 ስታካፍሉት ኪሎ ይሆናል። 176 ፓውንድ 80 ኪሎ ነው። ሙቀት በፋራናይት ሲመጣ 100.4 ማለት የኛ 38 መሆኑን ያዙ። ሳይቀይሩ ዶዝ ያሰላ ሰው ከእጥፍ በላይ ነው የሚሰጠው።

ምክንያት 5፦ አጠናን

እኛ ያደግነው በመሸምደድ ነው። ዶሴ ሙሉ ኖት ይዞ፣ ከገጽ 1 ጀምሮ ወደታች። ይህ ለኤንክሌክስ ብዙ አይጠቅምም። ፈተናው የሚለካው ስድስት እርምጃ ነው፦ ምልክቱን ማየት፣ ምን ማለት እንደሆነ መረዳት፣ የትኛው ችግር አጣዳፊ እንደሆነ መለየት፣ መፍትሔ ማሰብ፣ ማድረግ፣ ውጤቱን መገምገም። ይህ በንባብ ሳይሆን በልምምድ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ ጥያቄ እየሰራችሁ አጥኑ። ከጥያቄው ይልቅ ማብራሪያው ላይ ጊዜ ስጡ። ያገኛችሁትንም ማብራሪያ አንብቡ፤ ገምታችሁ ያገኛችሁት እንደማወቅ አይቆጠርም። ስትስቱ ምክንያቱን በደብተር መዝግቡ፦ «አላወቅኩትም»፣ «አንብቤ አልገባኝም»፣ «ቸኮልኩ»፣ «እንደ አገር ቤት አሰብኩ»። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ስታዩ ዋናው ችግራችሁ የቱ እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «የወጡ ጥያቄዎች» ተብሎ በቴሌግራም የሚሸጠውን አትግዙ። ተፈታኞች ጥያቄውን ላያወጡ ይፈርማሉ፤ ሲደረስበት ፈቃድ ያሳጣል። «ሳትማሩ ዲፕሎማ እንሰጣለን» ከሚሉም ራቁ። በጥር 2023 የአሜሪካ ፌዴራል መንግስት ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርሲንግ ዲፕሎማ የሸጡ ሰዎችን ከስሷል፤ ገዝተው የነበሩትም ፈቃዳቸው መመርመርና መሰረዝ ጀምሯል።

ምክንያት 6፦ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ

አሁን ወደ ራሴ ሙያ መጣሁ። አብዛኛው የኛ ተፈታኝ ቀን አንድ ቦታ፣ ማታ ሌላ ቦታ ይሰራል። የራሱ የቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ አለ። ከ16 ሰዓት ስራ በኋላ መጽሐፍ ይገልጣል። አንድን ገጽ አራቴ ያነባል፣ ምንም አይዝም። ከዚያ «እኔ አእምሮዬ ደንዝዟል፣ አርጅቻለሁ» ይላል።

አላረጃችሁም። ደክማችሁ ነው። ቀን ያነበብነው ነገር በጭንቅላታችን ውስጥ የሚደላደለው ማታ ስንተኛ ነው። 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው የማሰብና የመወሰን ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል። ጠጥታችሁ አታጠኑም መቼም! እንቅልፍ ቆርጣችሁ ማጥናትም ከዚያ ብዙ አይለይም።

እና ምን ይደረግ?

✅ ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። የሌሊት ሽፍት ያላችሁ ጠዋት ገብታችሁ ክፍሉን አጨልሙ፣ ስልኩን ከክፍሉ አውጡ።

✅ ከመኝታ በፊት ባሉት 6 ሰዓታት ቡና ይቅር። ቡና ከጠጣን ከ5 ሰዓት በኋላ እንኳ ግማሽ ያህሉ በደማችን ውስጥ አለ። ሦስተኛዋን በረካ ሌሊት ላይ መጠጣት ለነገ ጥናት ጠላት ነው።

✅ ጫት፣ ከጓደኛ የተወሰደ «የትኩረት» ኪኒን፣ ኢነርጂ ድሪንክ፣ እነዚህ ለአንድ ሌሊት ያነቃሉ፤ የሚወስዱት እንቅልፍና የሚያመጡት የልብ ምት ግን የበለጠ ያስከፍላል።

✅ «ለጭንቀት ጥሩ ነው» ተብሎ ፕሮፕራኖሎል ያለ ሐኪም አይወሰድ። አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ የልብ ምትና ግፊትም ያወርዳል።

✅ ከፈተናው በፊት ያሉትን ከ8 እስከ 12 ሳምንታት፣ ከተቻለ አንዱን ስራ ወይም ተጨማሪውን ሽፍት ቀንሱ። ገንዘብ እንደሚያጎድል አውቃለሁ። ሆኖም የሲ ኤን ኤ እና የአር ኤን ደመወዝ ልዩነት ሰፊ ነው፤ ሁለቴ ወድቆ አንድ ዓመት ከመዘግየት ሁለት ወር መቀነስ ይረክሳል። ቤተሰብ ሰብስባችሁ በግልጽ ተነጋገሩበት።

የጭንቀት ልክ ግን አለው። ልብ መምታት፣ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር ፈተናው ሲቃረብ ይመጣል ይሄዳል። አራት ቆጥሮ ወደ ውስጥ፣ ስድስት ቆጥሮ ወደ ውጭ መተንፈስ ይረዳል፤ ፈተናው ላይም መጠቀም ትችላላችሁ። ነገር ግን ደስታ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስን መጥላት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ከቆየ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። «ባልኖርኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ። አሜሪካ ያላችሁ 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት መደወል ትችላላችሁ፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።

ለወደቃችሁ

መውደቅ ባዶ እጅ አይሰድም። ለወደቀ ሰው የውጤት ዝርዝር ይላካል፤ በየክፍሉ ከማለፊያው በላይ፣ አጠገቡ ወይም በታች መሆናችሁን ይነግራል። ብዙ ሰው በንዴት ሳያየው ይጥለዋል። አትጣሉት፤ ከዚህ የተሻለ የጥናት ዕቅድ የለም። «ከበታች» ከሚሉት ጀምሩ፣ ቀጥሎ «አጠገብ» የሚሉትን።

ደግሞ ለመፈተን ቢያንስ 45 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ስቴቶች የራሳቸው ተጨማሪ ገደብ ስላላቸው የቦርዳችሁን ደንብ እዩ። 45 ቀን አለፈ ብላችሁ ግን አትሩጡ። በዚያው ዝግጅት በዚያው ድካም ከገባችሁ ውጤቱም ያው ነው። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ተኙ። ከዚያ ምን እንደምትቀይሩ በወረቀት ጻፉ። የምትቀይሩት ነገር ከሌለ ቀን አትያዙ።

ለቤተሰብና ለጓደኛ

በየለቅሶ ቤቱ፣ በየክርስትናው «እህስ፣ ያ ፈተና አለቀ?» እያላችሁ አትጠይቁ። ስታልፍ ራሷ ትነግራችኋለች። በምትኩ «ቅዳሜ ልጆቹን እኔ ልያዝልሽ፣ አንብቢ» በሉ። ባሎች፣ ምሳውን ስሩ። አንድ ፀጥ ያለ ቅዳሜ ከመቶ ምክር ይበልጣል።

ለእህቴ መልሴ

አሁን ወደ መልዕክቷ ልመለስ።

እህቴ፣ የእንቅልፍ መድሃኒት በውስጥ መስመር አላዝልሽም። ሳያዩ ማዘዝ ተገቢ አይደለም፤ ኪኒኑም ችግርሽን አይነካውም። ወር ሙሉ እንቅልፍ ካጣሽ በአካባቢሽ ያለ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዢ፤ እንቅልፉን ብቻ ሳይሆን ስሜትሽንም ንገሪው። እስከዚያው ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ተነሺ፣ አልጋ ላይ መጽሐፍ አትያዢ፣ 20 ደቂቃ ካልወሰደሽ ተነሺና ደብዘዝ ባለ መብራት ተቀመጪ።

የውጤት ዝርዝሩን አውጥተሽ እዪው። ድንገተኛ ክፍል የሰራሽ ስለሆንሽ የአጣዳፊ ሕመም ክፍሉ ላይ ጥሩ ሆነሽ፣ ስራ ማካፈሉና የአእምሮ ሕክምናው ላይ ዝቅ ብለሽ ብታገኚው አይገርመኝም። እንደዚያ ከሆነ የቀረሽ ሁለት ምዕራፍ ነው እንጂ ሙሉ ነርሲንግ አይደለም።

ለእናትሽም ንገሪያት። እናት ከደበቁባት ነገር ይልቅ በሰማችው ነገር ትጸልያለች። «ነርስ ነበርኩ» አልሽኝ፤ ነርስነትሽ አልተወሰደብሽም። የቀረሽ የሌላ አገር ወረቀት ነው፣ እሱም ይመጣል። ያኔ የውስጥ መስመሩን ክፈችና አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ፦ «አለፍኩ»።

ኤንክሌክስ አልፋችሁ በስራ ላይ ያላችሁ የገጻችን ቤተሰቦች፣ እናንተን የረዳችሁን አንድ ነገር ከታች ጻፉላቸው። በዝግጅት ላይ ያለ ወዳጅ ካላችሁም አጋሩት።

ጤናችሁ ይብዛ!